የሶማሌ ስደተኞችን ልጆች ትምህርት ላይ የያዛቸው ምንድን ነው? ከሚኒያፖሊስ የተነሳ ጥያቄና የመጡት መልሶች

በኢንተርኔት መድረካችን የትምህርት ዓምድ ስር የከፈትኩት የውይይት ክር በጣም ረዝሟል። አሁን አሁን የሚገቡ ሰዎች ከላይ ያለውን ሳያነቡ ስለሚጽፉ ነገሩ ይደጋገማል። ስለዚህ መልሶቹን በየቁጥራቸው እያነሳሁ ፍሬ ነገራቸውን ልንገራችሁ። የማንንም ስም አልጠራም፤ የጻፉትንም ቃል በቃል አልገለብጥም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው ፖስት የኔ ነው። ድሬዳዋ ስላደግኩ ሶማሊኛ እሰማለሁ፣ እናገራለሁም። አሁን ሚኒያፖሊስ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ነኝ። በአሜሪካ ትልቁ የሶማሌ ማኅበረሰብ ያለው እዚህ ሚኒሶታ ነው። እኔ በምሠራበት ክፍል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሶማሌ ልጆች ናቸው፤ አብዛኞቹም እዚሁ የተወለዱ። ከኬጂ እስከ ሁለተኛ ክፍል ደህና ይሄዳሉ። አራተኛና አምስተኛ ሲደርሱ ግን ብዙዎቹ ንባቡ ላይ ይቆማሉ። ንባቡ ሲቆም ሒሳቡም ሳይንሱም ይቆማል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ቶሎ የሚመጣው መልስ ወላጆቹ ግድ የላቸውም የሚል ነው።

እኔ ይህን አልቀበልም። ለምን እንደማልቀበል ለማሳየት በፖስቱ ላይ አንድ ምሽት የሆነውን ጻፍኩ። የወላጆች ኮንፈረንስ ነበር። አንዲት እናት የሥራ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መጣች፤ ከዚያ በቀጥታ ሌሊት ሺፍት ነው የምትገባው። ለአንድ ወላጅ የተመደበው ሩብ ሰዓት ነው። የታዘዘው አስተርጓሚ ቀረ። የስልኩ አስተርጓሚም አልነሳ አለ። ጊዜው እንዳያልፍ ተብሎ አራተኛ ክፍል የሚማረው ልጇ መሀል ተቀምጦ እንዲያስተረጉም ተደረገ። መምህርቷ የልጁ ንባብ ከክፍሉ በሁለት ዓመት ወደኋላ መቅረቱን፣ የቤት ሥራ አለመመለሱን፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት በኋላ ቀርቶ መረዳት እንዳለበት ዘርዝራ ተናገረች። ልጁ ለእናቱ ያስተላለፈው ጎበዝ እንደሆነና ትንሽ ማንበብ እንዳለበት ብቻ ነው። እናትየው ፊቷ በራ። የመምህርቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛ መረቀቻት። መምህርቷ ይህን ሁሉ ነግሬያት እንዴት ትስቃለች ብላ ግራ ገባት።

እኔ አጠገባቸው ሌላ ልጅ እያስነበብኩ ስለነበር ሁለቱንም ወገን ሰማሁ። ገብቼ ቀጠሮው በአስተርጓሚ እንዲደገም አስደረግኩ። በልጁ ላይ አልፈርድም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የራሱን ክስ ለእናቱ እንዲያነብ መጠየቅ አልነበረበትም። ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ በየአላችሁበት አገር የሶማሌ ልጆችን ወደኋላ የሚጎትተው ምን ሆኖ አገኛችሁት? ምንስ ረዳቸው?

1ኛው መልስ ከሴንት ፖል መጣ። ጸሐፊው የሦስት ልጆች አባት ነው። በጣም በትሕትና ካመሰገነ በኋላ አስተርጓሚ ማምጣት የትምህርት ቤቱ ቸርነት ሳይሆን ግዴታው እንደሆነ አስረዳ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ መናገር አለበት። ከዚያ አንድ ጠቃሚ ነገር ጨመረ። ልጅ ሲመዘገብ ቤት ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ የሚጠይቅ ቅጽ አለ። ብዙ ቤተሰብ፣ የእኛም ሰዎች ጭምር፣ ልጃችን ዝቅ ያለ ክፍል ይገባብናል ብለው እንግሊዝኛ ብቻ ብለው ይሞላሉ። በዚያች መስመር ምክንያት ልጁ የቋንቋ እርዳታውን፣ ወላጁ ደግሞ አስተርጓሚውን ያጣሉ። ይህን እኔም በየዓመቱ መስከረም ላይ አየዋለሁ።

2ኛው መልስ ቨርጂኒያ ካሉ ጡረታ የወጡ መምህርት ነው። እኚህ እናት የጻፉት ረጅም ነው፤ ቢሆንም እያንዳንዱ መስመር ይነበባል። ነጥባቸው አፍ የሚናገረው እንግሊዝኛና መጽሐፍ የሚጠይቀው እንግሊዝኛ ይለያያሉ የሚል ነው። ጂም ከሚንስ የተባለው የካናዳ ምሁር ይህን ልዩነት በ1979 ጽፎታል። ልጅ የጨዋታውን ቋንቋ በሁለት ዓመት ገደማ ይይዛል። የትምህርቱን ቋንቋ ከእኩዮቹ እኩል ለመያዝ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። ሁለተኛ ክፍል ላይ ጨዋታው ይበቃል። አራተኛ ክፍል ላይ አይበቃም።

ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንድ ልጅ የቅርጫት ኳስ ጨዋታን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትንፋሽ ሳይወስድ በእንግሊዝኛ ይተርክልኛል። በዚያው ቀን የሒሳብ ጥያቄ ሰጠሁት። መደመርና መቀነሱን ያውቃል። ጥያቄው ውስጥ ያለችው ‹‹አንሌስ›› (ካልሆነ በስተቀር) የምትል አንዲት ቃል ግን አሰረችው። አክሰስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና በየዓመቱ ሲሰጥም ያው ነው። ማዳመጥና መናገር ላይ ውጤቱ ይወጣል፤ ማንበብና መጻፍ ላይ ይወርዳል። አስተማሪው የልጁን አፍ ሰምቶ ቋንቋ ይችላል ይላል። ስለዚህ ወደኋላ ሲቀር ሰነፍ ነው ወይም ቤቱ አይከታተለውም ወደሚል ይሄዳል።

3ኛው ጸሐፊ ሴንት ክላውድ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሠራል። 2ኛዋን በአክብሮት አርሟቸዋል። እሳቸው ያነሱት እዚህ ለተወለዱት ልጆች እንጂ ትልቅ ሆነው ለሚመጡት አይሠራም ባይ ነው። አሜሪካ ልጅን የሚመድበው በዕድሜው ነው። ኬንያ ካለው የዳዳብ ስደተኞች ካምፕ የመጣ የ15 ዓመት ልጅ የተማረው ቢበዛ ሦስት ዓመት ቢሆንም ዘጠነኛ ክፍል ይገባል። ለመመረቅ 21.5 ክሬዲት፣ ማለትም ካለፈው ትምህርት የሚቆጠር ነጥብ፣ ይጠበቅበታል። ገና ፊደል እየቆጠረ አልጀብራ ይሰጠዋል። ሚኒሶታ በ2014 ባወጣችው ሊፕስ በሚባለው ሕግ ትምህርታቸው የተቋረጠባቸውን ልጆች ለይታ አውቃለች። እንደ እሱ አባባል ግን ሕጉ ማወቁና ክፍል ውስጥ ሰው መኖሩ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዕድሜውም ቢሆን ብዙ ጊዜ የወረቀት ዕድሜ ነው። የልደት ቀኑ ያልታወቀ ስደተኛ አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይመዘገባል። በእሱ ትምህርት ቤት በዚያ ቀን የተወለዱት ተማሪዎች ብዛት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ። 4ኛው፣ 5ኛውና 6ኛው ስለ እኛው የልደት ቀን ጣጣ ነው። አንዱ የእህቱ ልጅ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈው ዓመት ሳይቀየር ስለተሞላለት በወረቀት ሰባት ዓመት እንዳረጀ ተናገረ። ሌላው አባቱ ጡረታ ለማስከበር የገጠማቸውን ጻፈ። ሁሉም እውነተኛ ችግር ነው። ሆኖም ወደ ልጆቹ እንመለስ ብዬ ለመንኩ።

የመለሰን 7ኛው ነው፤ ከአዲስ አበባ፣ ከቦሌ ሚካኤል። እዚያ ሶማሌ ጎረቤቶች መሀል ያደገ ሰው ነው። ያነሳው ነገር ውጭ ላለነው የማይታይ ነው። ቦሌ ሚካኤል የሚከራዩ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ፕሮሰስ ላይ ናቸው። ፕሮሰሱ ዛሬ ነገ እየተባለ ዓመታት ይወስዳል። በዚህ መሀል ልጁ ትምህርት ቤት አይገባም። በሁለት ወር ውስጥ እንበራለን ተብሎ ዩኒፎርም ማሰፋት ምን ያደርጋል ይባላል። በግል ትምህርት ቤት ለማስተማር ክፍያው ከባድ ነው። በመንግሥቱ ደግሞ ትምህርቱ በአማርኛ ነው፤ ለመንገደኛ ልጅ አዲስ ቋንቋ ማስጀመር ትርፉ ድካም ይመስላቸዋል። አንድ ጎረቤቱ አምስት ልጆቿን ይዛ ስትጠብቅ ትልቁ ልጅ ከ10 ዓመቱ እስከ 14 ዓመቱ ቤት ዋለ። የሠራው ነገር ቢኖር ኳስ መጫወትና ታናናሾቹን መጠበቅ ነው። ከዚያ ቪዛው መጣ። ልጁ አሜሪካ ሲገባ በቀጥታ ስምንተኛ ክፍል ተቀመጠ።

ይህን ሳነብ 3ኛው የጻፈው በደንብ ገባኝ። እዚህ ስንቀበላቸው ወደኋላ የቀሩ ብለን እንጠራቸዋለን። ጉድለቱ የተጠራቀመው ሰው ሁሉ ሻንጣ አዘጋጅቶ በሚጠብቅበት ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ያላችሁ ዘመዶችና ጎረቤቶች ይህን ለምታውቋቸው ንገሯቸው፦ ለአንድ ተርምም ቢሆን ልጁ ይማር፤ የተማረበትንም ወረቀት ይያዝ።

8ኛው ከዳላስ ነው። ነገሩን ያከረረው እሱ ነው። ሰዎቹ የመንግሥት ድጎማ ላይ ተኝተው፣ ልጆቻቸውን ቅዳሜና እሁድ ቁርአን ቤት እያዋሉ ትምህርት ቤቱን መውቀስ ነውር ነው አለ። እኛም ስደተኞች ነን፣ የኛ ልጆች ግን ዶክተር እየሆኑ ነው ሲልም ጨመረ።

9ኛዋ ከሲያትል ቱግ ብላ መለሰች። ሚኒሶታ ሦስት ዓመት ኖራለች። ዊልማርና ፋሪቦልት ባሉት የሥጋ ፋብሪካዎች በቀዝቃዛ ክፍል ቆሞ የሚውለው ማን እንደሆነ ጠየቀችው። ሻኮፒ ባለው የአማዞን መጋዘን በ2018 የሥራው ፍጥነት ከበደን ብለው ሰልፍ የወጡትስ እነማን ነበሩ? ታክሲውን፣ አረጋውያንን በቤታቸው መንከባከቡን ሁሉ ቆጠረችለት። አንድ እናት ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ስትሠራ ልጇን የሚያስጠናው የ12 ዓመቱ ወንድሙ ነው። ከድጎማ ጋር ምን አገናኘው? እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበረች። መጨረሻ ላይ ስለ ሰውየው ዘር የጻፈችውን ግን አድሚኑ አንስቶታል፤ ደግም አደረገ።

10ኛው የመጣው ከኮሎምበስ ኦሃዮ ነው፤ ከእኛ ቀጥሎ ብዙ ሶማሌ የሚኖረው እዚያ ነው። ስለ ዱግሲ፣ ማለትም ስለ ቁርአን ቤቱ፣ በረጋ መንፈስ ጻፈ። ቁርአን በቃሉ የሚይዝ ልጅ መቀመጥን፣ ማድመጥን፣ መደጋገምን ይለምዳል፤ ይህ ለትምህርት ጠላት አይደለም። የሚያጣላው ሰዓቱ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ሁለት ሰዓት፣ ቅዳሜና እሁድ ግማሽ ቀን ዱግሲ የሚውል ልጅ የቤት ሥራውን የሚሠራው በእንቅልፍ ሰዓቱ ነው። እሱ በሚያውቀው አንድ መስጊድ መምህሩ መጨረሻ ላይ ያለውን አንድ ሰዓት ለቤት ሥራ ለቀቁት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እየመጡ ያግዛሉ። ወላጅ ልጁን የሚያምንበት ቦታ ስለሆነ የሚቀር የለም። ከሁሉም ሐሳቦች ይህን በጣም ወደድኩት። ገንዘብ አይጠይቅም። ከማንም ጋር አያጣላም።

11ኛዋ ስትጽፍ ክሩ ለአንድ ቀን ያህል ዝም አለ። ጅግጅጋ ያደገች ኢትዮጵያዊት ሶማሌ ናት፤ አሁን ሴንት ፖል ነርስ ናት። አማርኛዋ ከብዙዎቻችን ይሻላል። መጀመሪያ የተናገረችው ስለ እነሱ ስናወራ እነሱ ክፍሉ ውስጥ የሌሉ እያስመሰልን መሆኑን ነው። ከዚያ ቀጥላ ሶማሌ የትምህርት ባህል የለውም ለሚሉ ታሪክ አስታወሰች። የሶማሊኛ ጽሕፈት በ1972 በላቲን ፊደል ተወሰነ። በ1974 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ዘላኑን ሕዝብ ፊደል እንዲያስቆጥሩ ወደ ገጠር ተላኩ። እኛ አገርም እድገት በኅብረት ዘመቻ የወጣው በዚያው ሰሞን ነው። የሶማሊያዋ አክስቷ ማንበብ የተማረችው ከአንድ ዘማች ተማሪ ነው። በ1991 መንግሥቱ ሲፈርስ ትምህርት ቤቶቹም አብረው ፈረሱ። የአክስቷ ልጆች ካምፕ አደጉ፤ ከእናታቸው ያነሰ ተምረው እናት ሆኑ። ዛሬ ኮንፈረንስ ላይ የምናያቸው እናቶች እነዚህ ናቸው።

ሁለተኛው ነጥቧ ለኔ የክሩ እምብርት ነው። ወላጆቹ ትምህርት ቤት የማይሄዱት መምህሩን ስለሚያከብሩ ነው። ልጅ ለመምህር ከተሰጠ የመምህር ነው፤ ሄዶ መጠያየቅ እምነት ማጣት ይመስላል። እኛንም ጠየቀችን፦ የማንኛችን አባት ነው ሳይጠራ ትምህርት ቤት የሄደ? እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ ወላጅ ትምህርት ቤት የሚታየው ‹‹ወላጅ አምጣ›› ሲባል ነው። የተጠራ ቀን ደግሞ ጥፋት አለ ማለት ነው። የአሜሪካ መምህር በበኩሉ የቀረ ወላጅ ሲያይ ግድየለሽ ይመስለዋል። ሁለቱም በየልማዳቸው ትክክል ናቸው። ዋጋውን የሚከፍለው ልጁ ነው።

12ኛው የዳላሱ ሰው ነው፤ ተመልሶ መጣ። ለ11ኛዋ ይቅርታ ባይጠይቅም ድምፁ ለዘብ ብሏል። ምክንያት መደርደሩን ትቶ የፈተና ውጤታቸው ዝቅ ያለ ነው ወይስ አይደለም የሚለው እንዲመለስለት ጠየቀ። 13ኛው መልስ ሰጠው። ለረጅም ጊዜ የሶማሌ ልጅ፣ የኦሮሞ ልጅ፣ የአማራ ልጅና እዚሁ ከጥንት የኖረው ጥቁር አሜሪካዊ ልጅ በአንድ ሣጥን ውስጥ ጥቁር ተብለው ሲቆጠሩ ኖረዋል። ማን የት እንደወደቀ በዚያ አይታይም። ሚኒሶታ ውጤቱ በየማኅበረሰቡ ተለይቶ እንዲቀርብ በ2016 ሕግ አወጣች። እንግሊዝ አገርም ሶማሌዎች ለብዙ ዘመን ጥቁር አፍሪካዊ በሚለው ስር ተሸፍነው ነበር።

14ኛው ከለንደን ነው፤ ታወር ሃምሌትስ ይኖራል። ተስፋ ያመጣልን እሱ ነው። ይህ ክፍለ ከተማ በ1997 በእንግሊዝ ካሉት 149 የትምህርት አስተዳደሮች የመጨረሻው ነበር። አብዛኞቹ ተማሪዎች የባንግላዴሽ ስደተኞች ልጆች ናቸው። በመርከብ ሠራተኝነት ከድሮ ጀምሮ የሰፈሩ ሶማሌዎችም አሉበት። ድህነቱ፣ የተጣበበው የመንግሥት ቤት፣ እንግሊዝኛ የማይችሉት እናቶች፣ ሁሉም እኛ የዘረዘርነው ነው። ያኔም ባህላቸው ነው የሚል ሞልቶ ነበር። ከዓመታት በኋላ የባንግላዴሽ ልጆች በ16 ዓመት በሚወሰደው አገር አቀፍ ፈተና ከነጭ እንግሊዛውያን ልጆች በለጡ። ወላጆቻቸውን ማንም አልቀየረላቸውም። ቤታቸውም ያው ነው። የተቀየረው ትምህርት ቤቱ ነው። ገንዘብ ፈሰሰ፣ ጥሩ ርዕሳነ መምህራን ተመረጡ፣ የሰፈሩን ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ተቀጠሩ፣ የቀረ ልጅ ቤቱ ድረስ ተፈለገ።

15ኛው ባንግላዴሽና ሶማሌ አንድ አይደሉም፤ አንዱ ሠርቶ ለመኖር መጣ፣ ሌላው ከጦርነት ሸሸ ብሎ ተቃወመ። ውሃ የሚያነሳ ተቃውሞ ነው። 14ኛው ግን አልተሸነፈም። በ16ኛው ላይ የላምቤዝ ክፍለ ከተማ በ2000ዎቹ የሶማሌ ተማሪዎችን ለብቻቸው እንዳስጠና አነሳ። በደንብ የሠሩት ትምህርት ቤቶች ሶማሊኛ የሚናገር ሠራተኛ የቀጠሩና ከቤተሰብ ጋር የተጠጉ ነበሩ አለ።

17ኛው ከቶሮንቶ ነው። እዚያ የትምህርት ቦርዱ የሶማሌ ልጆችን ጉዳይ የሚያይ ግብረ ኃይል አቋቁሞ በ2014 ሪፖርት ወጣ። ማኅበረሰቡ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን በመጨረሻ አየን ሲል፣ ሌላው ልጆቻችንን ለብቻ ነጥላችሁ ስም ትለጥፉባቸዋላችሁ ብሎ ተቆጣ። 11ኛዋ እዚህ ላይ ዳግም ገብታ የሁለቱም ሕመም ይገባታል ስትል ጻፈች። 18ኛው ከስቶክሆልም ሲሆን በስዊድን ልጅ አፉን የፈታበትን ቋንቋ እንደ አንድ ትምህርት የመማር መብት በሕግ እንዳለው፣ ክፍለ ጊዜው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌሎች ልጆች ወደ ቤት ሲሄዱ እንደሚሆን ነገረን። የደከመ ልጅ ማንበብን በየትኛውም ቋንቋ አይወድም። 19ኛዋ ስለ ሰው ልጅ ከምናወራ ለምን ስለ ራሳችን ልጆች አናወራም ብላ ተናደደች። የተጻፈውን መለስ ብላ ብታነብ ስለ ራሷ ልጆችም ብዙ ታገኝ ነበር።

20ኛዋ የኦቲዝም ልጅ እናት ናት፤ ሶማሌ አይደለችም፤ ሚኒያፖሊስ ናት። በ2013 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ያወጣውን ጥናት አመጣች። በሚኒያፖሊስ ከ32 የሶማሌ ልጆች አንዱ፣ ከ36 ነጭ ልጆች አንዱ ኦቲዝም ታይቶባቸዋል፤ በቁጥሩ ተቀራራቢ ናቸው። የሶማሌዎቹ ልጆች ግን የአእምሮ ዕድገት ውስንነትም አብሮባቸው የመገኘቱ ዕድል ከሌሎቹ የበለጠ ነበር። የሷ ጭንቀት ወረቀቱ ነው። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሲጀመር ወላጅ ፈቅዶ ይፈርማል። ወረቀቱ ብዙ ገጽ ነው፤ ቋንቋው ለእንግሊዛዊም ይከብዳል። አንዲት ጎረቤቷ የሽርሽር ፈቃድ መስሏት ፈርማለች። ሕጉ ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ መመርመር አለበት ይላል። እርዳታ የሚያስፈልገው ልጅ ሳይታወቅ ይቀራል፤ ቋንቋ ብቻ የጎደለው ደግሞ የአእምሮ ችግር አለበት ይባላል። ሁለቱም በአንድ ሰፈር ይደርሳሉ።

21ኛው የሚያጠፉ ልጆችን ወደ ናይሮቢ ወይም ሞቃዲሾ መልሶ መላክን አነሳ፤ ዳቀን ዔሊስ ይሉታል። ልጁ ሁለት ዓመት ባህል ይማር ተብሎ ይሄዳል፤ ሲመለስ ክፍሉ ጥሎት ሄዷል። 22ኛው ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ሚኒያፖሊስ ጎዳና ላይ ልጇ እንዳይሞትባት የፈራች እናት ምን ታድርግ ብሎ ጮኸበት። ሁለቱ እየተሰዳደቡ ስለሄዱ 23ኛው የአድሚኑ ማስጠንቀቂያ ነው። ልጅን መላክ ትምህርቱን እንደሚቆርጠው ጥርጥር የለኝም። ያቺን እናት የሚያስፈራት ነገር ከየት እንደመጣ ሳንናገር እሷን ብቻ መውቀስ ግን አይሆንልኝም።

24ኛዋ በአንድ አንቀጽ ልቤን ነካችው። በጃንዋሪ 2017 የወጣው የጉዞ እገዳ ሶማሊያን ይጨምር ነበር፤ የተነሳው በ2021 ነው። ክፍሏ ውስጥ አባቱ ናይሮቢ የቀረበት ልጅ ነበር። በነዚያ ዓመታት የቤተሰብ ሥዕል ሳሉ ሲባል ልጁ ወረቀቱን ባዶ ይመልስ ነበር።

25ኛው መልስ ጥያቄ ነው፤ ከዚሁ ከሚኒያፖሊስ፣ ከሲዳር ሪቨርሳይድ። ጸሐፊው ታክሲ ነጂ ሀበሻ ነው። ፎቅ ላይ ያለች ሶማሌ ጎረቤቱ በሩን አንኳኩታ ወረቀት እንዲያነብላት ሰጠችው። የ17 ዓመት ልጇ ክሬዲቱ ስለማይሞላ ትምህርቱን ትቶ መጋዘን ሊገባ ነው። ወረቀቱ እንድትፈርም የመጣ ነው፤ ልጁ ለትምህርት ቤቱ የተለመደ ወረቀት ነው ብሏታል። ምን ልበላት ብሎ ጠየቀ።

26ኛውን የጻፍነው እኔና 3ኛው ተደዋውለን ነው። እንዳትፈርም። ሚኒሶታ ውስጥ የ17 ዓመት ልጅ ትምህርት የሚያቋርጠው እሱና ወላጁ አስቀድመው ከትምህርት ቤቱ ጋር ስብሰባ ተቀምጠው፣ ሌሎች አማራጮች ተነግረዋቸው፣ ከዚያ ሁለቱም በጽሑፍ ሲፈርሙ ነው። ስብሰባው ካልተደረገ ትጠይቅ። ሶማሊኛ አስተርጓሚ ይቅረብልኝ ትበል፤ ልጁ እንዳያስተረጉም። ቢያንስ 21 ዓመት እስኪሞላው በነጻ የመማር መብት አለው፤ ስለዚህ ክሬዲቱ በአራት ዓመት ካልሞላ በአምስት ወይም በስድስት ይሞላል። ማታ የሚያስተምሩና ሥራ ለሚሠሩ ተማሪዎች የሚመቹ አማራጭ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ የትኛው ቦታ እንዳለው በስብሰባው ላይ በስም ይንገሯት።

በ27ኛው ታክሲ ነጂው ተመለሰ። ስብሰባው ለሐሙስ ጠዋት ተይዟል፤ አስተርጓሚም ተመድቧል። 11ኛዋ እሷም አብራ ልትቀመጥ ከሥራ ፈቃድ ወስዳለች። ክሩ አልተዘጋም፤ ሐሙስ ማታ የሆነውን እዚያው ይጽፍልናል።